ሦስተኛው ኮይል

ሐሙስ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። ሰዓቱን በትክክል የማውቀው አባቴ «ደቂቃ ያዢልኝ» ስላለኝና የጋራዡ የግድግዳ ሰዓት ቀጭኗ ዘንግ አሥራ ሁለት ላይ እስክትደርስ አንጋጥጬ ስጠብቅ ስለነበር ነው። ስትደርስ «አሁን» አልኩት። ከዚያ በኋላ ሰከንዱን እሱ በአፉ ይቆጥራል፤ እኔ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ በሌላው፣ በወፍራም የብረት ቱቦ ጫፍ ላይ በተገጠመች ትንሽ ክብ መስታወት ወደ ውስጥ አያለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ያን ቀን በመስታወቷ ውስጥ ያየሁትና አየሁ ብዬ የተናገርኩት አንድ አልነበሩም። ይህን ለመጻፍ ሃያ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ሊሰማው የሚገባው ሰው ካረፈ ደግሞ ገና ሁለት ወሩ ነው።

አባቴ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ሰፈሩ በስሙ አይጠራውም፤ «ጆሮ» ነበር የሚለው። ሰው መኪናውን እየነዳ ወደ ጋራዡ ሲገባ፣ አባቴ ጀርባውን እንደሰጠ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ምን እንደተበላሸ ይነግረዋል። አንድ ጊዜ አንድ ወፍራም ሰውዬ ገና ኮፈኑን ለመክፈት ሲያጎነብስ፣

«ተወው አትድከም፣ ሁለተኛው ካንዴላ ነው» አለው።

«ሳታየው?»

«ሚስትህ ስትቆጣ ለማወቅ ፊቷን ማየት ያስፈልግሃል?»

ሰውዬው ሳቀ። ሁለተኛው ካንዴላ ነበር።

ሲሠራ ዓይኑን ይጨፍናል። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ሲቆም መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየዋል። እኔ ጉራ ይመስለኝ ነበር፤ ሊኮራበት የሚገባ ጉራ። ትምህርት ቤት ውስጥ «አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ መኪና ይሠራል» ብዬ ተናግሬ ማንም አላመነኝም።

ዕቃ ሲመጣ ሳጥኑን ለእኔ ያቀብለኛል። «ቁንጫ፣ እስቲ ይቺን አንብቢልኝ።» ቁንጫ ያለኝ ትንሽ ስለነበርኩና አንድ ቦታ ስለማልቀመጥ ነው። ከሳጥኑ ጎን ያሉትን ደቃቅ ቁጥሮች እየነጠልኩ አነብለታለሁ። አንዱን ከሳትኩ ያውቅብኛል፤ «ከስድስቱ በኋላ የዘለልሽው አለ» ይላል። ቁጥር እያስተማረኝ ነበር የሚመስለኝ። ማታ ጋራዡን ዘግተን ወደ ቤት ስንሄድ ደግሞ እጁን ትከሻዬ ላይ ያደርጋል። ሰው ሁሉ የእሱ ልጅ መሆኔን እንዲያውቅ የፈለገ ይመስለኝና አንገቴን ቀና አድርጌ እሄዳለሁ። መንገዱ ላይ ጉድጓድ ሲያጋጥመን እኔ እዘላለሁ፣ እሱም ይዘላል። ጨዋታ መስሎኝ አንዳንዴ ጉድጓድ በሌለበት እዘል ነበር። እሱም ይዘላል።

ዛሬ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ነኝ። በሃያ አራት ዓመቴ፣ ገና ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከመደርደሪያ ላይ አንዲት ነጭ፣ ሰማያዊ ክዳን ያላት የጠብታ ብልቃጥ አነሣሁና እጄ ላይ ቀረች። ልጅ ሆኜ ከቤታችን የወጥ ቤት መስኮት ጥግ የማትጠፋዋ ብልቃጥ ነበረች። የጉንፋን ትመስለኝ ነበር። የዓይን ግፊት መድኃኒት ናት። ያን ቅዳሜ ቤት ሄጄ እናቴን ጠየቅኳት፤ አንዲት የታጠፈች የሐኪም ካርድ አውጥታ ሰጠችኝ። የአባቴ ዓይን የጠፋው ጋራዡ ከተዘጋ በኋላ ነው ብዬ ነበር የማምነው፤ እነሱም እንደዚያ ነበር የነገሩኝ። ካርዱ ላይ ያለው ቀን ግን ከዚያ ሐሙስ በሁለት ዓመት ይቀድማል። በዚያን ጊዜ የቀኝ ዓይኑ ጨርሶ ሄዷል። የግራው ደግሞ ጭስ በሞላበት ቤት ውስጥ በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነበር።

ወደ ሐሙሱ ልመለስ።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። በሥራ ቀን የጭነት መኪና ይነዳል፤ እሑድ እሑድ ደግሞ አውሮፕላን ማረፍ ባቆመበት አሮጌ ሜዳ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ይወዳደራል። በዓለም ላይ ከእሱ የበለጠ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ ከረሜላ አለ፤ ሲስቅ ወንበሩም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ለውድድር ያዘጋጃት ባለ አራት ሲሊንደር መኪና ነበረችው፤ ግማሿ ግራጫ ግማሿ ገና ቀለም ያልተቀባ። አየር መግፊያዋን፣ ተርቦዋን፣ በትልቅ ቀይሮ፣ አየሩን ከፋብሪካው ልክ በላይ እንድትገፋ አደረጋት። ከዚያ ወዲህ በትንሹ ሲረግጣት ደህና ትሄዳለች፣ አጥብቆ ሲረግጣት መንተባተብ ትጀምራለች።

«እኔ የሒሳብ አስተማሪ ፊት ስቆም እንደምሆነው ነው እንዴ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«አንቺስ ተምረሻል፣ እሷ ገና ናት» አለ አጎቴ።

አባቴ ግን በሁለት ደቂቃ አወቀው። «ኮይሎቹ አቅም አነሳቸው» አለ። ለእኔም ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ፤ ሁሌም ያስረዳኝ ነበር።

«ኮይል ማለት ባልዲ ነው። ከባትሪው ትንሽ ትንሽ ይቀዳበታል፣ ሲሞላ ካንዴላው ላይ በአንድ ጊዜ ይደፋዋል። ብልጭታው እሱ ነው። ሞተሩ ሲፈጥን ግን መሙያ ጊዜው ያጥርና ግማሽ ባልዲ ይደፋል።»

«ተርቦውስ ምን አደረገ?»

«ተርቦው ሲሊንደሩ ውስጥ አየር ይጠቀጥቃል። አየር በተጠቀጠቀበት ብልጭታ ለመዝለል ይቸገራል። ሰው ጢም ባለበት አውቶቡስ ከበሩ እስከ ኋላ ወንበር መሄድ በይው።»

«እኔ እሾልካለሁ።»

«ቁንጫ ስለሆንሽ ነዋ።»

መጀመሪያ የካንዴላዎቹን ክፍተት አጠበበ። ስስ የብረት ምላስ እያስገባ፣ በጣቱ ብቻ እየለካ። ትንሽ ተሻላት፤ ሞተሩ ከአራት ሺህ ተኩል ዙር ሲያልፍ ግን ያው ሆነች። ስለዚህ ኮይሎቹ መቀየር ነበረባቸው፤ ጥያቄው በምን ይቀየሩ ነበር።

አጎቴ አዲስ ገዝቶ መጣ። አራት ቀያይ ኮይሎች፣ በጥቁር ስፖንጅ ውስጥ ለየራሳቸው ተኝተው። እንደዚያ የሚያምር የመኪና ዕቃ አይቼ አላውቅም። አባቴ ደግሞ ከአንድ የተጋጨ ትልቅ መኪና ላይ የተነቀሉ አራት ጥቁር ኮይሎች ነበሩት። በቤንዚን አጥቧቸዋል፤ አንደኛው ጎኑ ላይ ተጭሯል። ቀዮቹ ቀጥ ብለው ይገባሉ፣ ቀጭ ይላሉ፣ አለቀ። ጥቁሮቹ ማስቀመጫ ሳህን ከአሉሚኒየም ሊቆረጥላቸው፣ የሽቦው መሰኪያም ሊቀየርላቸው ነው። የሁለት ቀን ሥራ።

«ጋሼ፣ እነዚህ ለውድድር የተሠሩ ናቸው» አለ አጎቴ ቀዩን ሳጥን እያንኳኳ። «ይኸው ሳጥኑ ላይ ተጽፏል።»

«ሳጥኑ ላይ የሚጽፈው የሚሸጠው ሰው ነው።»

«አንተ ደግሞ ከቆሻሻ መጣያ ያልወጣ ነገር አትወድም።»

«አንተንስ ወድጄህ የለ?»

አጎቴ ሳቀ፣ መኪናዋም አብራ የሳቀች መሰለኝ። አባቴ ግን አልሳቀም። «በነፃ አየር ላይ ሁሉም ኮይል ጎበዝ ነው» አለ። «ሐሙስ አየር ጠቅጥቄባቸው አያቸዋለሁ። ያልሳተው ይገባል።»

አጎቴ ሊሄድ ሲል በመኪናዋ መስኮት አንገቱን አውጥቶ ጠራኝ። «ቀዮቹ ከገቡ ቅዳሜ ለሙከራ እንወጣለን፤ ከፊት ወንበር የምትቀመጪው አንቺ ነሽ። ጥቁሮቹ ከሆኑ ግን አባትሽ እስከ እሑድ ጠዋት አይጨርስም። በቃ ሙከራ የለም።» እንድዋሽ አልጠየቀኝም። ይህ ሁሌም ሊባል ይገባዋል። ከረሜላ ሰጥቶኝ ሄደ።

በዚያ ሰሞን አባቴ በአጎቴ ይቀናል ብዬ አምን ነበር። ማስረጃም ነበረኝ። አባቴ መኪና መንዳት ትቷል። ድሮ የሠራውን መኪና ራሱ እየነዳ ይፈትሽ ነበር፤ አሁን ለባለቤቱ ቁልፉን ይሰጥና «አንተ ንዳ፣ እኔ ልስማ» ይላል። ፈርቷል፣ አርጅቷል፣ ወጣቱ አጎቴ ደግሞ ይሮጣል። ለዚህ ነው የሚያምሩትን ኮይሎች የጠላው፤ በእኔ የልጅ ሒሳብ።

ረቡዕ ጠዋት ደግሞ ሌላ ነገር ሰማሁ። እናቴ ግቢ ውስጥ አንሶላ ታሰጣለች፣ አባቴ አጠገቧ ቆሞ መቆንጠጫ ያቀብላታል። እኔ ከአንሶላው ወዲህ ጫማዬን አስራለሁ።

«ጠብታውን ዛሬም አላደረግክም» አለችው።

«እጄ ቆሻሻ ነበር።»

«ሁልጊዜ እጅህ ቆሻሻ ነው። እስከ መቼ ነው የምትደብቀው? ለወንድሜ እንኳ?»

«ነግሬው መኪናውን ያመጣልኝ ነበር ብለሽ ነው?» ድምፁ ዝቅ አለ። «እሑድ መኪናዋ ትሩጥ። ሰዎቹ ይዩ። ከዚያ በኋላ ብነግራቸውም አይሸሹኝም።»

«ልጅቷስ?»

«እሷን ተያት። ልጅ ናት።»

ከአንሶላው ወዲህ ሆኜ ሁሉንም ቃል ሰማሁ፣ ሁሉንም አጣመምኩት። አባቴ ከአጎቴ የሚደብቀው ነገር አለ። የሚደብቀውም ቀዮቹ እንደሚሻሉ ነው። በቃ፣ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። ያን ጊዜ የፈረድኩበትን ያህል እርግጠኛ ሆኜ በሰው ላይ ፈርጄ አላውቅም።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋራዡ ውስጥ ብቻውን ነበር። መፈተሻውን ራሱ የሠራው ነው፤ የክንድ ውፍረት ያለው የብረት ቱቦ፣ በአንድ ጫፉ ካንዴላ ይታሰርበታል፣ በሌላው ጫፍ ከአሮጌ ማሽን የተነቀለች የዘይት ማያ መስታወት አለች። ቱቦው ውስጥ በኮምፕሬሰር አየር ይጠቀጠቃል፣ ልክ ተርቦው እንደሚያደርገው። ከዚያ ኮይሉ ይሰካና ብልጭታው ይታያል።

«ኮምፕሬሰሩ ጆሮዬን ይዘጋዋል» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ኮምፕሬሰሩ ሲነሣ የጋራዡ ቆርቆሮ ሁሉ ይጮሃል። «ዛሬ የምታዪው አንቺ ነሽ። ብልጭታው ፈጣን ስለሆነ እንደ አንድ ክር ሆኖ ነው የሚታየው። ሲስት ክሩ ብጥስ ይላል። በደቂቃ ውስጥ ስንቴ እንደተበጠሰ ቆጥረሽ ንገሪኝ።»

«አንተ ለምን አታይም?»

ካንዴላውን ቱቦው ላይ እያሰረ «አንቺ ጎበዝ ቆጣሪ ነሽ» አለኝ። እንዲህ ሲለኝ ደስ እንደሚለኝ ያውቃል።

ጥቁሮቹን አስቀደምን። እያንዳንዱ እስኪሞቅ አምስት ደቂቃ ይሠራል፣ ከዚያ አንዷ ደቂቃ ትያዛለች። «ግፊቱ ስንት ደረሰ?» ይለኛል፣ የአየር መለኪያውን ቀስት አንብቤ እነግረዋለሁ። በመስታወቷ ውስጥ ሐምራዊ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ክር ቆሟል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የተወጠረ የሚመስል፣ የማይነቃነቅ። የመጀመሪያው ጥቁር አልተበጠሰም። ሁለተኛው አልተበጠሰም። የተጫረው እንኳ አልተበጠሰም።

«ስንት?» አለኝ ከመጀመሪያው በኋላ።

«አራት» አልኩ።

ይህ ቃል ከአፌ ሲወጣ ምንም አልከበደኝም። ጥርሴን ፍቄያለሁ ብዬ እንደምዋሸው ያለ ነበር። ሁለተኛውን «ሁለት» አልኩ፣ ሦስተኛውን «አምስት»፣ አራተኛውን እንዳይጠረጥር «አንድ» አልኩ። አባቴ በእያንዳንዱ ኮይል ላይ የእጁን ጀርባ እያሳረፈ ሙቀቱን ይለካል። «ብዙ አልሞቁም እኮ» ይላል ለራሱ። «ገርሞኛል።»

ከዚያ ቀዮቹ። አንደኛውና ሁለተኛው ደህና ነበሩ፤ መዋሸት እንኳ አላስፈለገኝም። ሦስተኛው ተሰካ። አምስት ደቂቃው ሞላ። ሰዓቱን አየሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። ዘንጓ አሥራ ሁለት ላይ ደረሰች። «አሁን።»

ክሩ ቆመ፣ ከዚያ ብጥስ አለ። ቆመ፣ ብጥስ ብጥስ አለ። ቀለሙ ከሐምራዊ ወደ ቢጫ እየሄደ ነበር። ቆጠርኩ፤ መቁጠር ስለምወድ ሳልፈልግም ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ጊዜ ተበጠሰ።

«ስልሳ» አለ አባቴ። «ስንት?»

«ምንም።»

የእጁን ጀርባ ኮይሉ ላይ አሳርፎ ወዲያው አነሣው። «ይሄስ ይፋጃል» አለ። ኮምፕሬሰሩን አጠፋው። ጸጥታው ድንገተኛ ነበር። ፊቱን ወደ እኔ አዞረ፤ አሁን ሳስበው ወደ እኔ ሳይሆን ከእኔ ትንሽ ወደ ግራ ነበር።

«ቁንጫ፣ አንድም አልተበጠሰም?»

«አንድም።»

«በደንብ ነው ያየሽው?»

«በደንብ።»

«እንደገና እንየው።» ኮምፕሬሰሩን አስነሣ። እንደገና አየን። በዚህኛው ዘጠኝ ጊዜ ተበጠሰ። እንደገናም «ምንም» አልኩ። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ቀለለኝ።

አመሻሽ ላይ አጎቴ ሲመጣ አባቴ ጥቁሮቹን በጨርቅ እየጠቀለለ ነበር። «ቀዮቹ ይገባሉ» አለው።

«ፈተሽካቸው?»

«ፈትሼያቸዋለሁ።»

አጎቴ ወገቤን ይዞ ወደ ላይ ወረወረኝና ቀለበኝ። አባቴ ሲስቅ አየሁት፤ ሽንፈቱን የተቀበለ ሰው ሣቅ መስሎኝ አዘንኩለት። ትንሽ።

ቅዳሜ ከፊት ተቀመጥኩ። አባቴ ከኋላ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። ከዱቄት ፋብሪካው ጀርባ ያለው ረጅም መንገድ ባዶ ነበር። አጎቴ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቶ ሲረግጣት ጀርባዬ ወንበሩ ላይ ተለጠፈ፣ ተርቦው አፏጨ፣ የመንገዱ ዳር ዛፎች አንድ አጥር ሆኑ። መንተባተቡ ጠፍቷል። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«አቁም» አለ አባቴ ከኋላ።

አጎቴ ዳር ይዞ አቆመ። «ምን ሆንክ ጋሼ?»

«ሦስተኛው ይስታል።»

«እኔ ምንም አልተሰማኝም።»

«ጫፍ ላይ። አንዴ ብቻ። ግን ስቷል።»

«ጋሼ በጌታ፣ እንደ ወፍ ነው የበረረችው። አንቺስ ተሰማሽ?»

ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅኩ። አባቴ ወደ ፊት ተጠግቶ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። ቀስ ብሎ፣ ለእኔ ብቻ እንደሚናገር፣ «ሐሙስ ዕለት ሦስተኛው ቀይ ላይ አንድም አልተበጠሰም?» አለኝ።

ያኔ መናገር እችል ነበር። መኪናዋ ቆማለች፣ የፊት ወንበሩን አግኝቻለሁ፣ የፈለግኩት ሁሉ ሆኗል። ከተናገርኩ ግን አጎቴ ይሰማኛል። ከጎኔ ተቀምጦ መሪውን በጣቱ እየደበደበ ይጠብቃል።

«አንድም» አልኩ።

አባቴ እጁን አነሣ። ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈ። «እንግዲህ ጆሮዬ ነው» አለ በመጨረሻ። «ንዳ።»

ያኔ ይህ ቃል ለእኔ እፎይታ ነበር። ያረጀ ሰው ማርጀቱን አመነ፣ ነገሩም አበቃ ብዬ ነበር የሰማሁት። አንድ ሰው የቀረችውን አንድ ነገር፣ ጆሮውን፣ አውጥቶ በእኔ ቃል እንደለወጣት ለመረዳት ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ ጽፌያለሁ።

እሑድ ሜዳው ላይ ብዙ ሰው ነበር። አባቴ የታጠበ ሸሚዝ ለብሷል፤ የአጎቴ ጓደኞች እየመጡ እጁን ይጨብጡታል። «ጆሮ፣ የእኔንም ሳምንት አመጣልሃለሁ» አለው አንዱ። «አምጣት፣ ግን ዝም ብላ ትምጣ፣ ያንተ መኪና ወሬ ታበዛለች» አለው አባቴ። ሁሉም ሳቁ። እናቴ የአባቴን ክንድ ይዛ ፈገግ አለች። እንደዚያ ቀጥ ብሎ ቆሞ አይቼው አላውቅም።

አጎቴ እስከ አምስተኛው ዙር ሁለተኛ ነበር። በስድስተኛው፣ በሜዳው ጫፍ ካለው ጠመዝማዛ እየወጣ አጥብቆ ረገጣት። የአባቴ ጣቶች ትከሻዬን ጨመቁት። መኪናዋ ገና ቀጥ ብላ ትሄድ ነበር፤ ማንም ምንም አልሰማም። ከዚያ ድምፅዋ ተቆረጠ፣ ወዲያው ደግሞ ጉልበቷ በአንድ ጊዜ ተመለሰ፣ ኋላዋ ዞረ። ዳር ላይ ከተደረደረው የጎማ ክምር ጋር ስትጋጭ የወጣው ድምፅ ብዙም ትልቅ አልነበረም። ትልቅ የነበረው ከዚያ በኋላ የእናቴ ድምፅ ነው።

የአጎቴ ግራ እግር ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሆስፒታል ስንገባ እግሩ ተሰቅሏል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ከረሜላ አልነበረውም። አባቴን አየውና እንዲህ አለ፦

«ሦስተኛው ኮይል ተሰንጥቋል አሉኝ። ፈትሼያቸዋለሁ አላልከኝም?»

«ብያለሁ።»

«በዓይንህ አይተሃል?»

እናቴ ወደ መስኮቱ ዞረች። እኔ የአልጋውን ብረት ይዤ ነበር፤ ቀዝቃዛ ነበር። አሁን ይናገራል፣ አሁን ስሜን ይጠራል ብዬ ጠበቅኩ።

«በዓይኔ አይቻለሁ» አለ አባቴ። «ምርጫው የእኔ ነው።»

ለራሱ ስም ሲል ዋሸ፣ እንደ እኔ ውሸታም ነው አልኩ በሆዴ። አፈርኩበት፣ ደግሞም ቀለለኝ፤ ሁለታችንም አንድ ሆንን። ከእኔ ላይ ሸክሙን እያነሣ እንደነበር፣ በአንድ ቃል ዓይኑንም እኔንም እንደደበቀ አልገባኝም።

አጎቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት እህቱን ለማየት የሚመጣው አባቴ በሌለበት ሰዓት ነበር። መኪናቸውን ሊያመጡ የነበሩት ጓደኞቹ አልመጡም። ሌላውም ሰው እየቀነሰ ሄደ፤ «ጆሮ ደነቆረ» ይባል ጀመር። አባቴ ራሱም ተለወጠ። ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ አድርጎ ይቆምና እንደገና ይሰማል፣ እንደገና ይሰማል፣ ከዚያ «እርግጠኛ አይደለሁም፣ ሌላ ሰው ጋ ውሰደው» ይላል። በስድስተኛው ወር ጋራዡ ተዘጋ። እኔን ተቆጥቶኝ አያውቅም። ወደ ቤት ስንሄድ እጁን ትከሻዬ ላይ ማድረጉን ግን አልተወም፤ ሊተወውም አይችልም ነበር።

ሊያርፍ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አልጋው አጠገብ ጋዜጣ አነብለት ነበር። ቀን ነበር፣ በመስኮቱ ጸሐይ ገብታ ብርድ ልብሱ ላይ ተኝታለች። እናቴ ወጥ ቤት ናት። ድንገት «ተይው ጋዜጣውን» አለኝ።

«ደከመህ አባዬ?»

«የለም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ሐሙስ፣ ቀዮቹን ስንፈትሽ። ሦስተኛው ስንቴ ተበጠሰ?»

የትኛው ሐሙስ እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገውም። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ለስንት በሽተኛ መድኃኒቱን በእጄ ይዤ፣ ዓይኑን እያየሁ እውነቱን ነግሬያለሁ። አፌን ከፈትኩ። ይህን ሰው አሁን ማስጨነቅ ምን ይጠቅማል፣ ደክሟል፣ እንደዚሁ ይረፍ አልኩ ለራሴ። ለእሱ ያሰብኩ መስሎኝ ነበር።

«ምንም» አልኩት።

ጭንቅላቱን ትራሱ ላይ ዘንበል አደረገ፣ ድሮ ሞተር ሲሰማ እንደሚያደርገው። ድምፄን እየሰማ ነበር።

«እንግዲህ ጆሮዬ ነበር» አለ። ከዚያ «አንብቢ» አለኝ፤ ያቆምኩበትን መስመር ፈልጌ አነበብኩ።

አንዳንድ ቀን ያውቅ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ሜዳው ላይ ጣቶቹ ትከሻዬን ከጨመቁባት ቅጽበት ጀምሮ ያውቅ ነበር፣ ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቆኝ በመጨረሻ በሩን ራሱ ከፍቶልኝ ነበር። ሌላ ቀን ደግሞ አላወቀም፣ ጆሮው እንደከዳው አምኖ ነው የሄደው እላለሁ። የትኛውን ልምረጥ። ሁለቱም አያስተኙም።

ከቀብር መልስ፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ከአጎቴ ጋር በረንዳው ላይ ወንበር እናነባብር ነበር። ለእሱ ሁሉንም ነገርኩት፤ መስታወቷን፣ አሥራ አንዱን፣ ቅዳሜን፣ ከሦስት ሳምንት በፊት አልጋው አጠገብ ያልኩትንም። ወንበሩን አስቀምጦ ተቀመጠበትና ግራ ጉልበቱን ማሸት ጀመረ። ጸጉሩ ሸብቷል።

«ያኔ ልጅ ነበርሽ» አለ።

«አዎ።»

ጉልበቱን ማሸቱን ቀጠለ። «የዛሬ ሦስት ሳምንትስ?»

የያዝኩትን ወንበር ከሌላው ላይ አነባበርኩ። ተነሥቶ የቀሩትን ወንበሮች እያነከሰ ወደ ውስጥ አስገባ።

ጥቁሮቹን አራት ኮይሎች ጋራዡ በተዘጋ ሳምንት አንድ የታክሲ ሹፌር ወስዷቸው ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሠሩለት፤ አንዱም አልተቀየረም።